የቆመ አውሮፕላን ትርፍ ቤት ነው

ፀሐይ ያለ እኔ ፊርማ አትወጣም ብሎ የሚያምን አለቃ የሌለበት መሥሪያ ቤት በአገራችን የለም። ጨርቃ ጨርቁም አለው፣ ኮሌጁም አለው፣ ፖስታ ቤቱም አለው። የባሕር ዳር አውሮፕላን ጣቢያ ግን የሁሉም ቁንጮ ደረሰው። እኒህም ክቡር አቶ ወልደ ሐዋርያት ናቸው፤ ባለ አንድ ከረባት፣ ባለ ሁለት ሰዓት። አንዱ በግራ እጃቸው፣ ሌላው ደግሞ የግራው ቢዋሽ ምስክር እንዲሆን በደረት ኪሳቸው።

ዘይነት ትኬት ቆራጭ ሆና የተቀጠረችው በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። የወረታው ጨርቅ ነጋዴ የሐጂ ሙሀመድሰዒድ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ከንጹሕ ጠረጴዛ ኋላ ልትቀመጥ አስባ ስትመጣ፣ አቶ ወልደ ሐዋርያት ገና በመጀመሪያው ቀን ፊሽካ አስጨበጧት።

«ሂጂ፣ ከሜዳው ላይ ላሞቹን አስወጪ።»

«እኔ እኮ ትኬት ቆራጭ ነኝ!»

«ላሞቹም ትኬት የላቸውም። ስለዚህ ጉዳዩ የሚመለከተው አንቺን ነው።»

በዚያ ቀን ማታ ቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ በነጋታው ግን ላሞቹን አስወጣች። ምን ታድርግ!

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከጎንደር መጥቶ ባሕር ዳር የሚያርፈው አውሮፕላን ግማሹ ባዶ ስለሚሄድ፣ ማረፉ ይቅር የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። አቶ ወልደ ሐዋርያት ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ጽፈው ዋጋው እንዲቀንስ አስደረጉ፤ የቅቤ ነጋዴውም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም መሳፈር ቻለ። በምላሹ አውሮፕላኑ ባሕር ዳር ላይ ከሃያ ደቂቃ በላይ እንዳይቆም ቃል ገቡ። ከዚያ ወዲያ በጣቢያው «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» የሚል ቃል በሞት የሚያስቀጣ መሰለ። ክንዱ የሚባለው ወዛደር ትኬት ያያል፣ ትኬት ቆራጯ ጆንያ ትሸከማለች። አንድ ጊዜ አብራሪው ካፒቴን አስናቀ እግራቸውን ሊያፍታቱ ቢወርዱ፣ አቶ ወልደ ሐዋርያት «ካፒቴን፣ እጅዎ ባዶ ነው» ብለው የማር እንስራ አሳቀፏቸው።

ዳቦና ሻይ የሚጠይቅ ተሳፋሪ ሲመጣ፣ «የራበው ቤቱ በልቶ ይምጣ፤ እኛ የምናቀርበው አዲስ አበባን ነው» ይሉታል። የወንበር ቁጥር የለም። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቀመጣል። የግዴታው የውይይት ክበብ እንኳ የሚካሄደው ከሜዳው ላይ ጠጠር እየተለቀመ ነው። አንድ ሰው ሲያዘግም ካዩ ጩኸታቸው ዓባይ ማዶ ይሰማል፦ «የቆመ አውሮፕላን ትርፍ ቤት ነው! ይወረሳል!»

ዘይነት ይህን አባባል በሕልሟ ሳይቀር ትሰማው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝውውር ጠየቀች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውዬውን ረገመች።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጧት፣ አውሮፕላኑ ሞልቶ በሩ ሊዘጋ ሲል፣ አንድ ላንድሮቨር አቧራውን እያስነሣ ሜዳው ድረስ ገባ። የወረደው ጓድ ዳኘው ነው፤ ስሙ ሲጠራ ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግለት ካድሬ።

«አንድ ቦታ» አለ።

«ሞልቷል፣ ጓድ» አሉ አቶ ወልደ ሐዋርያት።

«ሞልቷል ወይ ብዬ አልጠየቅሁህም። አውርድ ነው ያልሁህ።» ከበሩ አጠገብ ወደ ተቀመጠችው ሴት ጠቆመ። «ይቺን አውርዳት።»

ሴትዮዋ አገርነሽ ትባላለች፣ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ናት። የታመመ ሕፃኗን አዲስ አበባ ልታሳክም ገና ሳይነጋ መጥታ የተሰለፈች ናት። ልጁን ወደ ደረቷ ጥብቅ አደረገችው።

«አላወርድም» አሉ አቶ ወልደ ሐዋርያት። «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቀመጣል።»

«አብዮቱን ነው የምትቃወመው?»

«አብዮቱም ቀድሞ ከመጣ ቀድሞ ይቀመጣል።»

ካድሬው ሽጉጡን መታ መታ እያደረገ ዛተ፣ ተሳደበ። አቶ ወልደ ሐዋርያት ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ ዞር ብለው በሩን ራሳቸው ዘጉና ለካፒቴን አስናቀ እጃቸውን አነሡ። ሞተሩ አጓራ። አውሮፕላኑ ሲነሣ የጓድ ዳኘው ቆብ በነፋሱ በርሮ ከላሞቹ መካከል ወደቀ። ሊያነሣው የሄደ ሰው አልነበረም።

እሳቸውን ግን በዚያው ላንድሮቨር ወሰዷቸው።

ሃያ ሦስት ቀን ታሰሩ። በምትካቸው የተመደቡት አቶ ደሞዝ ለስላሳ ሰው ናቸው፤ «ልጆች፣ ምን ያጣድፋችኋል? ቀስ በሉ» ይሉ ነበር። ቀስ ማለት ግን ሁሉንም ያቃተ ነገር ሆነ። ክንዱ አውሮፕላኑ ሳይቆም ወደ መሰላሉ ይሮጣል። ካፒቴን አስናቀ ማንም ሳያዝዛቸው ወርደው እንስራ ያነሣሉ። አንድ ቀን አንድ ተሳፋሪ ከዘመድ ጋር እየተሳሳመ ሲያዘግም፣ «የቆመ አውሮፕላን ትርፍ ቤት ነው!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ሁሉም ዞሮ አየ። የጮኸችው ዘይነት ነበረች። በራሷ በጣም ተናደደች።

በሃያ አራተኛው ቀን ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተጠራ። አቶ ወልደ ሐዋርያት የሚፈቱት በሕዝብ ፊት ግለ ሂስ ካደረጉ ብቻ ነው ተባለ። ጓድ ዳኘው ከፊት ተቀምጧል። እሳቸው ከስተው፣ ያለ ከረባት፣ ጢማቸው አድጎ ወደ መድረኩ ወጡ። ዘይነት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፤ እኒያ ሰው አንገታቸውን ሲደፉ ማየት አልፈለገችም።

«ጓዶች፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ» ብለው ጀመሩ።

ጓድ ዳኘው ራሱን ነቀነቀ።

«ማክሰኞ ዕለት ከአንድ ዘግይቶ ከመጣ ሰው ጋር አራት ደቂቃ ተከራከርሁ። በዚህም ምክንያት አውሮፕላኑ አራት ደቂቃ ዘግይቶ ተነሣ። አንዲት እናት የታመመ ልጅ ይዛ እየጠበቀች እኔ ወሬ አበዛሁ። ክርክሩን በአንድ ቃል ጨርሼ በሩን መዝጋት ነበረብኝ። ሁለተኛ አይለመደኝም፤ ተሳፋሪዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ቁጭ አሉ።

ወዲያው ከኋላ አንድ ጭብጨባ ተሰማ፤ ዘይነት ነበረች። ቀጥሎ ክንዱ፣ ቀጥሎ ካፒቴን አስናቀ፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። ግለ ሂስ ከተደረገ ማጨብጨብ ደንብ ነውና ጓድ ዳኘውም አጨበጨበ። አቶ ወልደ ሐዋርያትም ተፈትተው በነጋታው ወደ ጣቢያቸው ተመለሱ።

ያን ሰሞን ሐጂ ሙሀመድሰዒድ ለገበያ ባሕር ዳር መጥተው ልጃቸው ዘንድ አደሩ። የምሥራችም ይዘው ነበር፤ ሰው አስቸግረው የዝውውሯን ነገር ጨርሰውላታል። «ከዚያ ከሚያንጨረጭርሽ ሰውዬ ተገላገልሽ፣ ልጄ» አሏት።

ዘይነት የፊሽካዋን ክር በጣቷ ጠቀለለች።

«ይቅርብኝ፣ አባዬ» አለች። «እኔ ከሄድሁ እሳቸውን ማን ይችላቸዋል?»