ቀድሞ የሚሰማው ውቤ

ወሬ ሲቀደም ሆዱን የሚቆርጠው ሰው የሌለበት ሕንፃ የለም። እስራኤል፣ ሬሆቮት ከተማ ውስጥ፣ ከሻዓራይም ሰፈር ፈንጠር ብሎ ባለው፣ ገበያነሽ በምትኖርበት ሕንፃ፣ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ባለቤቷ ክቡር አቶ ውቤ ናቸው። ሚስቱ እንደምትጠራው እኛም ውቤ እንበለው።

ውቤ ዓይኑን ሳይታጠብ ስልኩን ያነሣል። «አልሰማችሁም እንዴ?» ብሎ ይጀምርና ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ በዋትሳፕ ይለቀዋል። ድመት ፒያኖ ስትመታ፤ የተከታታዩ ድራማ ክፉ አማት ተዋናይ በዕድሜ ከምራቷ እንደምታንስ፤ ኦክቶፐስ ሦስት ልብ እንዳለው። «ሦስት ካለው አንዱን ላንተ ቢሰጥህ ምን አለበት!» ትለዋለች ገበያነሽ።

የሚገዛው ዘመናዊ ዕቃማ አይነሣ። በድምፅ የሚታዘዘው አምፖል የውቤን ዕብራይስጥ አልሰማ ስላለ፣ ልጃቸው ሊኖይ ከነስ ጺዮና ከተማ እየደወለች በስልክ ታዝዝለታለች። ወለል ጠራጊው ሮቦት የገበያነሽን ነጠላ ጎትቶ አልጋ ሥር ገብቷል። ደጃፉ ላይ ደግሞ ማን እንደመጣ በስልክ የሚያሳይ ባለካሜራ ደወል ተክሏል፤ የሚመጣው ግን ያው ዕቃ አድራሹ ነው።

ይህን ሁሉ ቀርጾ የሚልከው ጎንደር ለቀረው ታናሽ ወንድሙ ለአለነ ነው። አለነ ወደ እስራኤል የሚገባበትን ተራ ሲጠብቅ ጠጉሩ ሸብቷል። «ስትመጣ ይኸ ያንተ ነው» ይለዋል ውቤ። «አይ ውቤ! እኔ እስክመጣ እሱም ያረጃል» ብሎ አለነ በድምፅ መልእክት ይመልስለታል። ውቤም ያንን ድምፅ ደጋግሞ እየከፈተ ይስቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የውቤ የእህት ልጅ ኦረን ለገበያነሽ ደወለ። «እትዬ፣ አጎቴ አለነ አረፈ። ሽማግሌዎቹ ነገ ጠዋት ይመጣሉ። እስከዚያ ከስልክ እንዳያይ፣ እሺ? ቤሰደር?»

መርዶ እንዲያ ነው። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ቀርቦ ይነገራል እንጂ ከድመትና ከፒያኖ መሀል አይነበብም። ገበያነሽ እንባዋን ውጣ የኢንተርኔቱን ሳጥን ከግድግዳው ነቀለችው። ውቤ ከመኝታ ቤት ብቅ ሲል «ተበላሸ» አለችው። ካልጠገንኩ ብሎ መፍቻውን ያነሣል ብላ ስትፈራ፣ እሱ ግን ሳጥኑን አየት አደረገና «ይሁን፣ ቤሰደር» ብሎ ተመልሶ ጋደም አለ። እግዜር ረዳኝ አለች በልቧ። ሆኖም ቤቱ ጭር ሲልባት ጊዜ ያ ስንት ዘመን ያማረረችው «አልሰማችሁም እንዴ?» ናፈቃት።

በነጋታው ደወሉ ያለ ኢንተርኔት አልሠራ ብሎ ሽማግሌዎቹ በሩን በእጃቸው አንኳኩ። ጎረቤቱም ተከትሎ ገባ። ውቤ ለባብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት ጋሼ ዋጋዬ ትከሻውን ያዙት።

«ውቤ፣ ልጄ፣ ጠንከር በል። ወንድምህ አለነ…»

«ትናንት ከስልኬ አይቼዋለሁ፣ ጋሼ» አለ ውቤ።

ገበያነሽ ደነገጠች። «ሳጥኑን ነቅዬው የለም እንዴ?»

«ስልኩ ያለ ሳጥኑም ይሠራል እኮ፣ ገበያነሽ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«አንቺ አላወቅሽም ብዬ ነዋ። ሌሊቱን እንኳ ትተኚ ብዬ» አለ። «ደግሞስ ያለ ሰው እንዴት ይለቀሳል?» ይኼኔ ድምፁን ለቀቀው። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን መታ፤ ሽማግሌዎቹም ግራና ቀኝ ደገፉት።

ወሬ አሳድሮ የማያውቅ ሰው ይህን ብቻውን ይዞት አደረ። እሷም ከጎኑ ተኝታ፣ ይሰማኛል ብላ ትንፋሿን ስትውጥ ነበር ያደረችው። ገበያነሽን ከሞቱም በላይ ይኸ አንገበገባት። ሽማግሌዎቹን አልፋ እግሩ ሥር ተቀመጠችና፣ ሌሊት ያልተላቀሱትን አብራው አለቀሰች።