እመት ጌታነሽ ሐኪማቸውን ሲያክሙ

በየቤተ ዘመዱ ሐኪሙን የሚያክም አንድ በሽተኛ አይጠፋም። በመንዟ ሞላሌ ከተማ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት እመት ጌታነሽ ናቸው። ነርስ መርፌ ስትይዝ «እዚያ አይደለም፣ ዝቅ አድርጊው» ይላሉ። ክኒን ሲታዘዝላቸው ቀለሙን አይተው ይመልሳሉ።

ዘንድሮ ደረታቸው እንደ ሆድ ያጉረመርም ጀመር። እህል ሲቀምሱ ትንፋሻቸው ያጥራል። ልጃቸው እፀገነት ለምና፣ አልቅሳ፣ በመጨረሻም አኩርፋ ከተማ ሆስፒታል አደረሰቻቸው።

«እማማ» አለ ወጣቱ ቀዶ ሐኪም ይሥሐቅ፣ የደረታቸውን ራጅ እያሳየ፤ «ሆድና ደረትን የሚለየው ሥጋ ተቀዷል። አንጀትዎ ሽቅብ ወጥቶ ሳንባዎ አጠገብ ተቀምጧል። ብዙ የማይገጥም ሕመም ነው።»

«መንዝ ያደገ አንጀት ዳገት ቢወጣ ምን ይገርማል?»

«እዚያው ከታነቀ ግን ይገድልዎታል። ከፍተን መልሰን መስፋት አለብን።»

እፀገነት ላብ በላብ ሆነች። እናቷ ግን የክሩን ጥንካሬ ጠየቁ።

ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ ይሥሐቅ ሲነግራቸው ሳቁ። «ጾም ለእኔ ልታስተምር?» ጠዋት ነርሷ ፅዮን አልጋው ሥር ግማሹ የጎደለ ጠርሙስ አገኘች።

«እማማ! ጠጡ እንዴ?»

«ጠበል ነው።»

«ምንም አይቅመሱ ተብለው የለ?»

«መች ቀመስኩ? ጠበል በባዶ ሆድ ካልተጠጣ መቼ ሊጠጣ ነው?»

ቀዶ ሕክምናው ለነገ ተላለፈ። ይሥሐቅ የጠጡት ነገር ሰመመን ውስጥ ሳሉ ሽቅብ ወጥቶ ወደ ሳንባ ሊገባ እንደሚችል አስረድቶ፣ «ነገ ይረጩት እንጂ አይጠጡት» ብሎ ተማጠነ። አሰቡበትና ፈቀዱለት። በማግስቱ እሱንም ጭምር ረጭተውት ገቡ።

ከሰመመን የነቁት ግን ሌላ ሰው ሆነው ነው። «ይተንፍሱ» ሲባሉ «እሺ»፤ «ይዙሩ» ሲባሉ «እሺ»። ፅዮን «እንዴት ያሉ ጨዋ እናት ናቸው!» አለች። እፀገነት ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች። ከዚያ አፍ «እሺ» ሲወጣ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። «የዱሮዋን እናቴን መልሺልኝ» ብላ ለእመቤታችን ተሳለች።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ይሥሐቅ ሊያሰናብታቸው መጣ። «ቁስሉ ደኅና ነው። ለጥቂት ወራት ግን ከባድ ነገር አይሸከሙም። ጀሪካንም አያነሡም።»

እመት ጌታነሽ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ታዲያ የሰፋኸኝ ለጌጥ ነው?»

ሐኪሙ ወደ ልጃቸው ዞረ። «እስቲ አንቺ ንገሪያቸው።»

«እኔ?» አለች እፀገነት፣ የእናቷን ጋቢ እያስተካከለች፣ ፊቷ ወገግ ብሎ። «እርስዎ ይመልሱላቸው እንጂ ዶክተር። ጠይቀዋል እኮ!»