ልብስ ሰፊው ለጎማ ካፖርት ሰፍተው ወደ ኮን ሜዳ የዘመቱበት ዜና

ነጩ መኪና በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ የግራ በሩ ከውስጥ መከፈት በጀመረ በሁለተኛው፣ ጭስ ማውጫው በሽቦ መታሰሩ ቀርቶ በብየዳ በጸና በመጀመሪያው ዓመት፣ ዝናም ባቆመበትና ፀሐይ አስፋልቱን ማሞቅ ገና ባልደፈረችበት ወራት፣ የሠፈራችን ልብስ ሰፊ፣ እግዚአ መቀስ፣ ወራሴ መርፌ፣ የሰውን ወገብ በዓይናቸው ለክተው የማይሳሳቱ፣ ማርሽ ሲለውጡ ትንፋሻቸውን የሚይዙ፣ ወደ አውቶክሮስ ውድድር ይዘምቱ ዘንድ በልባቸው ቆረጡ። እኔም ግድግዳ የምጋራቸው ጎረቤታቸው ዜናቸውን እንዳየሁት፣ ያላየሁትንም በግድግዳው በኩል እንደ ሰማሁት ጻፍሁ።

ለማያውቅ ይታወቀው ዘንድ፣ አውቶክሮስ ማለት በሰፊ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ብርቱካንማ የፕላስቲክ ኮኖች ተደርድረው፣ መኪኖች አንድ በአንድ በመካከላቸው እየተጠማዘዙ ከሰዓት ጋር የሚታገሉበት ጦርነት ነው። ከኮን በቀር ጠላት የለበትም። ኮን የጣለ ሰዓቱ ላይ ቅጣት ይጨመርበታል፤ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ዙር ይነዳል፣ የሁለቱም ዙር ሰዓት ይደመራል። ሽልማቱ ጭብጨባ ነው፣ እርሱም ሰው ካልቸኮለ።

ልብስ ሰፊው ከዚህ አስቀድሞ ሦስት ጊዜ ዘምተው ሦስቱንም ጊዜ መጨረሻ ወጥተዋል። በመጀመሪያው ዘመቻ የእጅ ፍሬናቸውን ሳያወርዱ ዞሩ፤ የወጣውንም ጭስ የውጊያ ጢስ ነው ብለው አስረዱን። በሁለተኛው መንገዱ ጠፍቷቸው በሜዳው መውጫ በኩል ወደ ዋናው ጎዳና ወጡ፣ ቀይ መብራትም አክብረው ቆሙ፤ እርሳቸው ሕግ ሲያከብሩ ሰዓቱ ይቆጥር ነበር። ስለ ሦስተኛው እንዳልጽፍ ለምነውኛል፣ አልጽፍምም።

ወእምዝ እቴጌ ባለቤታቸው፣ የሕፃናት መዋያ ሚኒባስ የሚነዱ፣ ሙሉ መኪና ሕፃን ከነቁርሱ ጭነው በጠመዝማዛ መንገድ ሲወርዱ አንዱንም የማያስመልሱ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ብለው፣ ግቢው ሁሉ ጆሮ ሆኖ ሳለ ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማኝ አንተ ሰውዬ፣ ጎረቤትም ምስክር ይሁነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜያችንን ኮን በላው። ዘንድሮም መጨረሻ ከወጣህ ውድድር የሚባል ነገር ከዚህ ቤት ይወጣል። መኪናው ጣራው ላይ ፖርቶመጋላ ታስሮበት እንደ ሰው መኪና ዕቃ ይጭናል፣ ያ ሄልሜትህም ሽንኩርት ይቀመጥበታል። ከመጨረሻ አንድ እንኳ ከፍ ካልክ ግን አፌን ዘግቼ እኖራለሁ። ብያለሁ።»

እቴጌይቱም ብያለሁ ካሉ ብለዋል፤ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ያወጁትን ሽረው አያውቁም። በዚያች ቀን የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ በግድግዳው በኩል ሲሰማ ውሎ ድንገት ቆመ፤ ከዚያ መፍቻ ወለል ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ጌታችን ተነሥተው ነበር።

መኪናውንም ከክብደት ማንጻት ጀመሩ፤ ቀላል መኪና ፈጥኖ ይታጠፋልና። ከሆዱም የወጣው ምርኮ ይህ ነበር፦ ስኮርታ ጎማና ክሪክ፣ የእግር ምንጣፎች፣ አንድ ዘንጉ የተሰበረ ጃንጥላ፣ ደርቆ ቆዳ የሆነ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንድ እግር የሕፃን ካልሲ፣ ደንበኛ እስካሁን የሚጠይቅበትና አልቋል ነገ ይውሰዱ የሚባልበት ሱሪ፣ እቴጌይቱም ሲፈልጉት የኖሩት የጆሮ ጌጥ። ይህንንም ጌጥ ልብስ ሰፊው በእጃቸው አገላብጠው አዩት፣ ወልወል አድርገው ለእቴጌይቱ ልደት ስጦታ እንዲሆን በኪሳቸው ከተቱት። ባትሪው እንዳይነቃነቅ በሸራ ማሰሪያ ጠፍረው በእጥፍ ስፌት ሰፉት፤ በኋላም የውድድሩ መኪና መርማሪ ሊፈትነው ቢነቀንቀው መኪናው ተነቃነቀ እንጂ ባትሪው አልተነቃነቀም።

በመጨረሻም የኋላው ወንበር ተፈትቶ ሳሎን ገባ። አማታቸው፣ የእቴጌይቱ እናት፣ ለአንድ አፍታ ብለው ተቀመጡበት፣ ከዚያም በኋላ አልተነሡም። ከዙፋናቸውም ሆነው ይህን አወጁ፦ «ይሄን ወንበር ማንም እንዳይነካብኝ። ዕድሜ ልኬን ወገቤን የተረዳልኝ እሱ ብቻ ነው። መኪናው ዕቃ መጫን ከጀመረ ወንበሩም ተመልሶ መሄዱ ነው። ስለዚህ አማቼ እንዲቀናው ከዛሬ ጀምሬ እጸልይለታለሁ። እስከ ዛሬ አላደረግሁትም፤ እሱም ያውቀዋል።»

ወእምዝ ወደ ጎሚስታው አደባባይ ወረዱ፣ የጎማ ክምር ከጣራ በላይ ወደ ቆመበት፣ የአየር መሙያው ማሽን ቀኑን ሙሉ ወደሚያስልበት። በዚያም ሁለት ጎማ በፊታቸው ቀረበ። አንዱ ደረቅ ነው፤ ዕድሜው ረጅም፣ ጠባዩ ግትር፣ ብርድም ሙቀትም የማይለውጠው፣ ግን በጥምዝ ላይ ቶሎ የሚንሸራተት። ሁለተኛው ለስላሳ ነው፤ አስፋልቱን እንደ ማስቲካ የሚይዝ፣ ግን ቶሎ የሚያልቅ። ልብስ ሰፊውም ሁለቱን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ይዘው እንደ ሱፍ ጨርቅ አሹ፣ አሸተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ሲታጠብ ያጥር እንደሆነም ጠየቁ። ጎሚስታውም እጁን በቱታው ጠርጎ በደንበኞች ሁሉ ፊት አወጀ፦

«ጌታዬ፣ ደረቁ ለሥራ ነው፣ ልጅ ለማድረስ፣ ገበያ ለመሄድ። ለስላሳው እንደርሶ ላለው ነው። ግን ይወቁት፣ የሚይዘው ሲሞቅ ነው። ቀዝቃዛውን ከነዱት ሳሙና ነው። ነገ ተነሥተው ጎሚስታው አልነገረኝም እንዳይሉ፣ ይኸው ሰው እየሰማ ነገርኩ።»

ጌታችንም በደረቅ ጎማ ሦስት ጊዜ የቀመሱትን አስበው ለስላሳውን መረጡ። ነገር ግን «ሲሞቅ» የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሣቸው። ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰንብተው አንድ ቀን ፊታቸው በራ፤ ብርድ የሚፈራ ሁሉ ምን ያደርጋል? ይለብሳል። ይህንንም ጥበብ ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች አንዱም አላሰበው፣ ከእነርሱ መካከል ልብስ ሰፊ የለምና። ወዲያው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው የጎማውን ደረትና ወገብ ለኩ፤ ላዩ ግራጫ ሱፍ፣ ገበሩ ጥጥ የተሞላ፣ ከፊት በኩል በቁልፍ የሚዘጋ፣ ለአራቱም ጎማ አራት ካፖርት ሰፉ። ኮሌታም አደረጉለት። ኮሌታው ለምን እንዳስፈለገ አልተገለጠልኝም።

የዘመቻውም ዕለት በማለዳ ሠራዊቱ ተነሣ። በፊት ልብስ ሰፊው ራሳቸው፣ ሄልሜታቸውን ከቤት ጀምረው የደፉ፤ በቀኛቸው እቴጌይቱ፣ መኪናው በሰላም መመለሱን ሊያዩ እንጂ ውድድር ሊያዩ እንዳልመጡ ሦስቴ የተናገሩ፤ የኋላ ወንበር በነበረበት ስፍራ አራቱ ለስላሳ ጎማዎች ከነካፖርታቸው፣ የአየር መለኪያውና የውሃ ጀሪካኑ፤ ከኋላቸው ጎሚስታው በሞተር ብስክሌት፣ የመከረውን ጎማ መጨረሻ ሊያይ፤ ከእርሱም በኋላ እኔ፣ ታጣፊ ወንበር ተሸክሜ። አማታቸው ወንበራቸውን ጥለው መምጣት ስላልቻሉ በስልክ መረቁ።

በሜዳውም ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር። ጌታችን መኪናቸውን አቁመው፣ ተወዳዳሪው ሁሉ ከብቦ እያየ፣ የካፖርቶቹን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈቱ። ጎሚስታውም መዳፉን በጎማው ላይ አሳረፈና ቶሎ አነሣው፤ እንዲህም ብሎ አወጀ፦ «ካፖርት ሙቀት አይሠራም ጌታዬ፣ ያለውን ነው የሚጠብቀው። ጎማው በረዶ ሆኖ አድሯል፣ ካፖርቱም በረዶው እንዳይወጣበት ጠብቆለታል። ስፌቱ ግን ወንድ ነው፤ ለኔም በልኬ አንድ ይሰፋልኝ።»

የሳቁም ድምፅ በሜዳው ዳር ባሉት ሕንፃዎች ላይ ነጠረ። ልብስ ሰፊውም ጎማዎቹን በጎሚስታው ክሪክ መኪናው ላይ ገጥመው ካፖርቶቹን በደንብ አጥፈው አስቀመጡ፤ በተበሳጩም ጊዜ ልብስ አይጥሉም። ሊነዱም ገና ሳይነሡ ውድድሩን ያዘጋጀው ማኅበር አለቃ በድምፅ ማጉያው አወጀ፦ «መነሻው መስመር ላይ ቆሞ ጎማ እያሽከረከሩ ማሞቅ ክልክል ነው። አንዱን መኪና ሁለት ሰው ተራ በተራ መንዳት ግን ይችላል። የሚመዘገብ አሁን ይመዝገብ፣ ሻዬ ቀዝቅዞብኛል።»

ይህን በሰሙ ጊዜ ጌታችን ወደ እቴጌይቱ ዞረው በታላቅ ድምፅ አወጁ፦ «ባለቤቴ ትመዝገብልኝ። እመቤቴ፣ አንቺ ቀድመሽ ቀስ ብለሽ ዙሪ፤ ጎማውን አሙቂልኝ፣ ሰዓቱን ለኔ ተይው።»

እቴጌይቱም ሄልሜቱን ተቀብለው ጸጉራቸውን ሰብስበው ደፉት፣ መስተዋቱን አስተካከሉ፣ ወደ ኋላ ዞር ብለው ሕፃናቱ መቀመጣቸውን አዩ፣ ሕፃንም ወንበርም እንደሌለ አስታወሱ፣ ተነሡ። ጎማው አልጮኸም። መሪው በእጃቸው ሲዞር እንደ ወፍጮ ድንጋይ አንድ ዓይነት ነበር። አንድም ኮን አልነኩም። ድምፅ ማጉያው ሰዓታቸውን ሲናገር፣ ያ ሰዓት ልብስ ሰፊው በዘመናቸው አግኝተውት የማያውቁት ነበረ። እቴጌይቱ ከመኪናው ሲወርዱ ዓይናቸው እንደ ልጃገረድ ዓይን በርቶ ነበር፣ ሄልሜቱንም ለመመለስ ትንሽ ዘገዩ።

ጌታችንም ተራቸው እስኪደርስ የሞቀውን ጎማ ካፖርት አልብሰው ቆለፉት፤ አሁን ካፖርቱ የሚጠብቀው ሙቀት አግኝቶ ነበርና ሥራውን ሠራ። የልብስ ጠመኔያቸውንም አውጥተው በጎማው ትከሻ ላይ መስመር አሰመሩ፤ ጎማው በጥምዝ ላይ ምን ያህል እንደሚተኛ በጠመኔው መጥፋት ይታወቃል። ከዚያም እንደ መብረቅ ወጡ፣ ጎማው ያዘ፣ እርሳቸውም መያዙን አላመኑምና አብዝተው ጠመዘዙ፣ አንድ ኮን ከሥሩ ነቅለው ከመኪናው በታች እየጎተቱ ገቡ። ቅጣቱ ተደምሮ ከእቴጌይቱ በኋላ ሆኑ። ጠመኔው በጎማው ጎን እስከ ተጻፉት ፊደሎች ድረስ መጥፋቱን አይተው በጎማው ላይ አየር ጨመሩ።

በሁለተኛው ዙር ተራ ይገለበጣልና ልብስ ሰፊው ቀደሙ። ወኮነ ተአምር፤ አንድ ኮን ሳይነኩ፣ መንገድ ሳይጠፋቸው፣ ፍሬናቸውም ወርዶ፣ በሕይወታቸው ከነዱት ሁሉ አማረው ነዱ። ድምሩ ሲወጣ ግን ከፊታቸው ካለው ተወዳዳሪ በአንድ ትንፋሽ ብቻ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። አለቃውም አወጀ፦ «ልብስ ሰፊው እስካሁን መጨረሻ ናቸው። ሁለተኛውን ዙር ያልነዱት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ በመጀመሪያው ዙር ቀድመዋቸዋል። እንግዲህ በቤታችሁ ጨርሱት።»

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ልብ በል። እቴጌይቱ እንደ ፊቱ ከነዱ ጌታችን መጨረሻ ናቸው፤ ጌታችን መጨረሻ ከሆኑ ውድድር ከዚያ ቤት ይወጣል፣ ለባልም ለሚስትም። አዋጁ የራሳቸው ነው፣ ግቢውም ሁሉ ምስክር ነው።

ልብስ ሰፊውም ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር። ነገር ግን ተንበርክከው የአራቱንም ጎማ አየር ለራሳቸው እንደለኩት አድርገው ለኩ፣ አንድ ትንፋሽ እንኳ ሳያጎድሉ፤ በጀሪካኑም ውሃ እጅግ የጋለውን አበረዱ፣ መስተዋቱን ወለወሉ፣ በሩንም ከፍተው እቴጌይቱን አስገቡ። በዚህ ዜና ውስጥ ስለ እርሳቸው ያላፌዝሁበት ስፍራ ይህ ብቻ ነው። እቴጌይቱ በተከፈተው በር ጥቂት አይተዋቸው ዘጉት።

እኔ ቀይ ባንዲራ ተሰጥቶኝ፣ የወደቀ ኮን አነሣ ዘንድ በመጨረሻው ጥምዝ መውጫ ተሹሜ ነበር። እቴጌይቱ መጡ። ከላይ ጀምረው የነዱትን ያየ ሁሉ አፉን ይዞ ቆመ፤ ከእርሳቸው በፊት የወጣ ማንም ያን ጥምዝ እንዲያ አላለፈውም። መውጫው ሰፊ ነበር፣ ሚኒባሳቸው በሩን ከፍቶ የሚያልፍበት። በዚያም ቀጥ ብለው ሲመጡ ሳሉ የግራውን ኮን አዩት፣ መረጡት፣ ጣሉት፤ ያ እንዳይበቃ ብለው የቀኙንም ጨመሩ። ዓይናችንም ተገናኘ። እኔም ነፋስ መኪናውን ወደ ኮኖቹ ገፋው ብዬ ለአለቃው አመለከትሁ፤ ባንዲራዬ በዚያች ሰዓት እንደ ተሰጣ ሱሪ ቀጥ ብላ ተንጠልጥላ ነበር።

ቅጣቱም ተደመረ፤ እቴጌይቱ መጨረሻ ሆኑ፣ ልብስ ሰፊውም ከመጨረሻ አንድ ከፍ አሉ። ጎሚስታው አቀፋቸው፣ እንባቸውንም በካፖርቱ ኮሌታ ጠረጉ፤ ኮሌታው ለዚህ ነበር ይሆናል። እቴጌይቱም በዚያው በመኪናው በር ቆመው አወጁ፦

«አዋጅ አዋጅ ነው። መጨረሻ አልወጣም፣ እኔም አፌን ዘግቻለሁ። እናቴም ወንበሯ ላይ ትቀመጥ። ለከርሞ ግን ሁለታችንም እንደዚሁ እንመዘገባለን፤ ጎማ የማሞቁ ተራ የሱ ነው።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ሰፊው በመቁረጫ ጠረጴዛቸው ላይ በጠመኔ እየሣሉ፣ የመጨረሻውን መውጫ ሰው እንዴት በሰላም እንደሚያልፈው እቴጌይቱን ያስተምራሉ፤ እቴጌይቱም አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ይሰማሉ፣ ለካ እንዲያ ነው ይላሉ፣ ደግመውም ያስረዷቸው ዘንድ ይጠይቃሉ።

እነሆ ይህ ነው የልብስ ሰፊው ዜና፣ የሱፍ ንጉሥ፣ ብርድን በቁልፍ የቆለፉ፣ ለሚያሸንፋቸው ጎማ የለኩ፣ ከሦስት ውርደት በኋላ የተነሡ፤ ስማቸውም በሠፈራችን ዘኢኮነ ደኃራዌ ይባል፣ ይህም መጨረሻ ያልሆኑት ማለት ነው። አየራቸው አይጉደል፣ ጎማቸው አይቀዝቅዝ፤ በቀኛቸው የተቀመጡትም መሪውን ደግመው እስኪይዙ ድረስ ዕድሜ ይስጣቸው።