የአቶ ሄራሞ ጀርባ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። እውነት ነው። ተረቱ ግን ስለ ሎሚ እንጂ ስለ ሰው ፊት አያወራም። ሎሚ ተካፍለው ቢሸከሙት ሎሚነቱ አይቀርም፤ ፊት ተካፍለው ቢሥሉት ምን እንደሚሆን እኛን ጠይቁን።

«እኛ» ስላችሁ ሦስት ነበርን፦ ልብስ ሰፊው ላምቤቦ፣ የጭነት መኪና በርና ሳንቃ በቀለም የሚያስጌጠው ከድር፣ እና መምህሩ እኔ። በጃንሆይ ዘመን፣ ሆሳዕና ውስጥ፣ እሑድ ከሰዓት እኔና ላምቤቦ ከጸሎት ቤት ስንመለስ እሱ ሱቅ እየተሰበሰብን አንዱን ሥዕል ለሦስት እንሥል ነበር። ለአጨዳ ደቦ የሚወጣ ሰው ለሥዕል ምን ከለከለው? ከድር ግን አባቱ የሰው ፊት እንዳይሥል ስለከለከሉት ሁልጊዜ የሚደርሰው ከኋላ ያለው አገር ነው፤ ተራራው፣ እንሰቱ፣ መንገዱ።

አንድ እሑድ ወይዘሮ አማረች እየተጣደፉ መጡ። ባላቸው አቶ ሄራሞ፣ ቅቤ ነጋዴው፣ የሞቱት ልጃቸው ገና በሆዳቸው ሳለች ነው። አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልተዉም። ያኔ ደግሞ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የምታገኙት የአንድ ሰው ምስል ብቻ ነበር፤ የማን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

«ልጄ ጃንሆይን አባቴ ናቸው ትላለች» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሌላ የማሳያት መልክ የለኝ! ደግሞስ ሰው ቢሰማ? እባካችሁ ድረሱልኝ!»

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ አፈርን።

ሟቹን ሁላችንም እናውቃቸው ስለነበር ሥራውን እንደ ልማዳችን ተካፈልን። ዓይንና ግንባሩን ላምቤቦ፣ ከአፍንጫ ጀምሮ ወደ ታች ያለውን እኔ፣ አገሩን ከድር። ጨረስን፣ እርስ በርስ ተመሰጋገንን፣ ሴትዮዋን አስጠራን።

ብዙ ቆመው አዩ።

«ዓይኑ የእሱ ነው» አሉ። «አፍንጫውም የእሱ ነው። ሰውየው ግን ማን ነው?»

እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። ልጅቱ እንግዲህ ከንጉሥ ወደማይታወቅ ሰው መዛወሯ ነበር።

ሊወጡ ሲሉ ዓይናቸው ከሥዕሉ ጥግ ላይ ቀረ። ከድር መንገዱ ባዶ እንዳይሆንበት አውራ ጣት የማያህል ሰው ጣል አድርጎ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ፎንቆ ገበያ የሚሄድ፣ ግራ ትከሻው ዘመም ያለ፣ ጃንጥላ በብብቱ ያጣበቀ።

«ይኸውና!» ብለው ጮኹ። «ሄራሞ! ይኸው እየሄደ!»

ከድር ያጠፋ መሰለው። «ጋሽ ሄራሞን የማያቸው ከመኪና ላይ ሆኜ ነው፤ ሁልጊዜ ከኋላ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እኔስ ብሆን!» አሉ ወይዘሮ አማረች፣ እያለቀሱም እየሳቁም። «ካገባኝ ጀምሮ ከፊቱ ይልቅ ያየሁት ጀርባውን ነው። ገበያ የሌለበት ቀን መች ነበረና!»

ያን የተደከመበትን ትልቅ ፊት የእንሰት ቅጠል ሥለን ሸፈንነው። ሥዕሉም ከጃንሆይ ትይዩ ተሰቀለ። ልጅቱ አባትሽ የታለ ስትባል «ፎንቆ ሄዷል» ማለት ጀመረች። ውሸት ነው ልል ብል ልቤ እምቢ አለኝ።

ወሬው ሲዛመት የሌሎች ነጋዴዎች ሚስቶች ወደ ላምቤቦ ሱቅ ይጎርፉ ጀመር። «የእኔንም ባል ከጀርባው ሣሉልኝ!» ይላሉ። ባሎቻቸው በሕይወት አሉ እኮ!

እኔም ከዚያ ወዲህ ከቤት ስወጣ በሩ ላይ ዞር ብዬ ትንሽ መቆም ለምጃለሁ። ባለቤቴ ቀና ብላ ታየኝና፣ «ደግሞ ምን ረሳህ?» ትለኛለች።