አምስት ከአምስት ያገኘችው ምድጃ

ሰው ቤት ተጋብዛችሁ ወጡ ጨው ቢበዛበት ትናገራላችሁ? እኔ አልናገርም። ውሃዬን እጠጣለሁ፣ "እጅሽ ይባረክ" እላለሁ፣ ጨምር ስባልም እጨምራለሁ። እኛ ሰፈር፣ ጉለሌ፣ ይህ ጥሩ አስተዳደግ ይባላል። እኔ ግን ከሐና ነገር ወዲህ ይህን አስተዳደጌን ጠምጄ ይዤዋለሁ።

ሐና የጎረቤታችን ልጅ ናት። እናቷ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ እየወረደች ነው ያሳደገቻት። ጀርባዋ ዛሬም ቀና አይልም። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ገባችና ለማስተርስ ጥናቷ ምን መረጠች መሰላችሁ? ምድጃ! "ማስተርስ ለምድጃ?" ብዬ ስቄ ነበር፤ አፌን በቆረጠው። ለካ ነገሩ ወዲህ ነው። የረገፈ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የጫት ገረባ አክስላ፣ ጨፍልቃ፣ እንደ ኩኪስ ክብ ክብ አድርጋ ከሰል ሠራች። ለሱ የሚሆን የሸክላ ምድጃም አሠራች። እናቶች እንጨት መሸከሙ ይቅርላቸው፣ ተራራውም ይረፍ ነው ሐሳቧ። እንዲህ ያለችውን ልጅ የማይደግፍ ማነው?

ደገፍናት እንግዲህ! እንዴት እንደደገፍናት ልንገራችሁ።

ለአሥር ቤት ምድጃ አደለች። "ጋሼ፣ ምስጋና አልፈልግም፤ ጉድለቱን ብቻ ንገሩኝ" ብላ ለመነችን። ባለቤቴ አልማዝ በመጀመሪያው ቀን ሽሮ ጣደችበት። ማስቀመጫው ጠቦ ድስቱ ተንገዳገደና ሽሮው እሳቱ ላይ ተደፋ። በቃ፣ ምድጃዋ ቁም ሣጥን ላይ ወጣች። ከሰሉን በድሮው ማንደጃችን አንድደን ጨረስነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐና የመጠይቅ ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ ግን አልማዝ ቀደም ብላ ምድጃዋን ታወርድና ጥላሸት ትቀባታለች። አዎ፣ ጥላሸት! የተሠራበት እንዲመስል። እኔም እያየሁ ዝም።

"ከአንድ እስከ አምስት ስንት ይሰጧታል?" ትላለች ሐና። አምስት! ባለሱቁ ጋሽ ከድርማ "ስድስት የለም እንዴ?" ብሏት አረፈው። እሱ እኮ ምድጃዋን የነጭ ሽንኩርት ማስቀመጫ አድርጓት ነበር! ምን እናድርግ? የዚያች እንጨት ተሸካሚ ልጅ እዚህ ደርሳ፣ "ምድጃሽ አይረባም" ይባላል? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አይደል? እኛ እንዲያ ነበር ያሰብነው።

አንድ ቀን ሁለት መምህራኗ "እስቲ ቤቶቹን እንይ" ብለው በድንገት ይዘዋት መጡ። ረቡዕ ጠዋት! ጥላሸት በሌለበት ቀን። ምድጃዋ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጣለች፣ አፏ ውስጥ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቷል። አልማዝ ፈጠን ብላ "ለክብሯ ብለን ነው ከፍ ያደረግናት" አለች። ማንም አልሳቀም። ከድር ሱቅ ሄደው ነጭ ሽንኩርቱን አዩ። ተመልሰው ደጃፌ ላይ ወረቀቱን አገላበጡ፤ አምስት፣ አምስት፣ አምስት። "ይህን ማን ነው የሞላው?" አሏት ሐናን።

መናገር ያኔ ነበር። "እኛ ነን የዋሸናት" ማለት ሦስት ቃል ናት። አላወጣኋትም። እንግዳ ፊት መዋረድ መሰለኝ። ሐና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ተስፋ አድርጋብኝ ነበር፤ አውቃለሁ። እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ።

ቁጥሩን ቤቷ ቁጭ ብላ ፈጥራዋለች ተባለ። ለጥናቷ ይሰጣት የነበረው ገንዘብ ተቋረጠ፣ እሷም ትምህርቱን ተወችው። እናቷ ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላምታዋን አትነፍገኝም፤ እሱ ነው የሚገድለኝ። ሴቶቹ ከነእንጨታቸው ከእንጦጦ ሲወርዱ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛስ የደበቅነው የሰው ልጅ የደከመችበትን ምድጃ በሽታ ነው።

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ገበያ አንድ ባንክ ገባሁ። "ሲስተም የለም" እየተባልኩ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተሰልፌ መስኮቱ ጋ ስደርስ፣ ከመስታወቱ ኋላ ሐና! ይቅርታ ልጠይቃት አሰብኩ። ከኋላዬ ሰው ይገፋኛል፤ ደብተሬን በመስኮቱ አሾለኩላት። ነገሩን ቀድማ ያነሳችው እሷ ናት።

"ጋሼ፣ ምድጃዋ ግን ምን ነበር ችግሯ?" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ማስቀመጫዋ ጠባብ ነው፤ ድስት ታንገዳግዳለች" አልኳት።

"ይሄ እኮ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር" አለች።

ጉዳዬን ጨርሳ አንዲት ወረቀት ሰጠችኝ፤ የደንበኛ አስተያየት መስጫ ናት። አገልግሎታችንን ከአንድ እስከ አምስት ስንት ይሰጡታል ትላለች። እግሬ አብጧል፣ የምሳ ሰዓቴ አልፏል። ደግሞ ወረቀቷ አናት ላይ የሐና ስም ተጽፏል። እሷ ስም ላይ ሁለት ይጻፋል? ሞላሁና መለስኩላት።

ወረቀቱን አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየች።

"ጋሼ፣ አሁንም?" አለችኝ።