ክቡ ሕዋስ

(የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ። ጠረጴዛው ላይ ማይክሮስኮፕ፣ ግማሽ ሽንኩርትና ውሃ። የስፖርት መምህሩ ቱታውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከሙዚቃ መምህርቷ ጋር ይጨቃጨቃል። የሁለቱም ዐይን በእንባ ተሞልቷል።)

ስፖርት፦ አታልቅሺ አልኩሽ እኮ!

ሙዚቃ፦ አንተስ?

ስፖርት፦ የኔ ላብ ነው።

ሙዚቃ፦ ከዐይን?

ስፖርት፦ የስፖርተኛ ላብ መውጫ አይመርጥም። ይልቅ ርዕሰ መምህሯ አሁን ይመጣሉ። ሕዋስ ካሳየኋቸው የባዮሎጂው ክፍል የኔ ነው። ቁጭ ብዬ ማስተማር! ይህ ጉልበቴ ሌላ ዓመት ከልጆቹ ጋር ከሮጠ አለቀለት።

ሙዚቃ፦ እኔ ምን ላድርግ?

ስፖርት፦ ልለማመድብሽ። የማይገባው ተማሪ ሁኚ።

ሙዚቃ፦ እሱስ አይከብደኝም።

ስፖርት፦ ስሚ። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከሕዋስ ነው የተሠራው። አንቺም፣ እኔም፣ ሽንኩርቱም።

ሙዚቃ፦ ታዲያ የተቆረጠው እሱ፣ የምናለቅሰው እኛ?

ስፖርት፦ ዝምድና ነዋ! አታቋርጪኝ። ሕዋስ እንደ እግር ኳስ ቡድን ነው። ዙሪያውን ያለው ስስ ሽፋን በረኛው ነው፤ የሚገባውንና የማይገባውን ይመርጣል።

ሙዚቃ፦ በረኛው የሚገባውን ከመረጠማ ጨዋታው ተሽጧል።

ስፖርት፦ ኤጭ! ኒውክለሱ አሰልጣኙ ነው፤ ትእዛዝ የሚወጣው ከእሱ ነው። ማይቶኮንድሪያ ደግሞ ለቡድኑ ኃይል ያመነጫል።

ሙዚቃ፦ የት ነው የሚጫወቱት?

ስፖርት፦ ሳይቶፕላዝም ውስጥ። ዝልግልግ ያለ፣ አብዛኛው ውሃ የሆነ።

ሙዚቃ፦ ጭቃ ሜዳ በለኛ! አንተንስ የሰበረህ እሱ አይደል?

ስፖርት፦ (ስስ የሽንኩርት ልጣጭ መስታወት ላይ አስተኝቶ፣ ውሃ ጠብ አድርጎ ስስ የመስታወት ክዳን ከጫነበት በኋላ ማይክሮስኮፑ ሥር ያስገባና ያጎነብሳል) ይኸውና! ፍጹም ክብ! ዳሩ ጥቁር፣ መሐሉ የጠራ። ነይ እዪ የሕዋስ ቁንጅና!

ሙዚቃ፦ (አይታ) አሰልጣኙ የታለ?

ስፖርት፦ ማን?

ሙዚቃ፦ ኒውክለሱ። ውስጡ ባዶ ነው እኮ።

ስፖርት፦ ተባሮ ይሆናል። አሰልጣኝ መቼ ይበረክታል?

ሙዚቃ፦ ከሥሩ ደግሞ እንደ ጡብ የተደረደረ ነገር አለ። በየጡቡ ውስጥ አንዳንድ ነጥብ።

ስፖርት፦ እሱ ቆሻሻ ነው። እጅሽን ሳትታጠቢ ልጠሽው! (ልጣጩን በመሐረቡ ጠርጎ ይጥላል። መስታወቱ ላይ ውሃ ብቻ ጠብ አድርጎ ስሱን ክዳን ይጭንበትና ያያል።) እሰይ! አሁን ክብ ክቡ ብቻ ቀረ።

ሙዚቃ፦ (ክዳኑን በጣቷ ጫን አድርጋ እያየች) ውይ፣ ሮጠ!

ስፖርት፦ ሕይወት አለው አላልኩሽም?

ሙዚቃ፦ አሁን ደግሞ ጠፋ።

ስፖርት፦ ሕዋስ ይከፋፈላል።

ሙዚቃ፦ ተከፋፍሎ ዜሮ ይሆናል?

(ከውጭ የጫማ ኮቴ ይሰማል።)

ስፖርት፦ መጡ! ቱታዬን አቀብዪኝ፣ በካናቴራ እንዳያገኙኝ!

ሙዚቃ፦ (ቱታውን ታነሣለች፤ ከሥሩ ትልቅ ሥዕል ብቅ ይላል) እንዴ! ጡቦቹ እዚህም አሉ። ቆሻሻ ደግሞ ማን ሥሎ ይሰቅላል?

ስፖርት፦ (ቀርቦ ያነባል) «የሽንኩርት... ልጣጭ... ሕዋሳት።» (ድምፁ ይሰልላል) «ማሳሰቢያ፦ ዳሩ ጥቁር የሆነ ክብ ነገር ካያችሁ የአየር አረፋ ነው።»

ሙዚቃ፦ እና እስካሁን ያደነቅነው አየር ነው?

ስፖርት፦ ሕዋሱስ?

ሙዚቃ፦ መሐረብህ ውስጥ።

(በሩ ይንኳኳል።)

ስፖርት፦ እህቴ፣ ልጣጩን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው አሳዪልኝ። በሞቴ!

ሙዚቃ፦ (አዲስ ልጣጭ በጥፍሯ ልጣ፣ መስታወቱ ላይ አስተኝታ፣ ክዳኑን ቀስ ብላ ታሳርፋለች። ታይና ፈገግ ትላለች።) ይግቡ፣ ክፍት ነው! ሕዋሱ ደርሷል። (ወደ ስፖርት ዞራ የፊተኛውን የተማሪ ወንበር እየሳበች) በል ቁጭ በል።

ስፖርት፦ እኔ?

ሙዚቃ፦ መቀመጥ አልነበር የፈለግኸው? ይሄም ወንበር ነው።