የኮኪቱ ሊቀ ባሕር

በየመንደሩ አንድ ጊዜ ሩቅ ደርሶ የተመለሰ፣ ልቡን ግን እዚያው ጥሎ የመጣ ሰው አይጠፋም። አንዱ አስመራን አይቶ እስኪሞት ድረስ ስለ መንገዷ ጽዳት ያወራል፤ ሌላው አዲስ አበባ ሊፍት ወጥቶ እስካሁን እግሩ መሬት አልነካም። በሱዳን ድንበር አጠገብ ላለችው ለኮኪት የደረሷት ሊቀ ባሕር ጋሽ ዋሴ ነበሩ።

ጋሽ ዋሴ በጎረምሳነታቸው በመተማ ተሻግረው፣ ገዳሪፍን አልፈው፣ ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከሙ ከርመዋል። ስለ ጆንያው አንስተው አያውቁም። ስለ ባሕሩ ግን ለሚሄድም ለማይሄድም ይመክሩ ነበር፤ ኮኪት ውስጥ ደግሞ ወደ ባሕር የሚሄድ አልነበረም። ዙሪያው ሰሊጥና ማሽላ ነው።

ምክሩ የሚሰጠው አየሁሽ ሻይ ቤት ነው። አየሁሽ ከሳር ዳሷ ሥር ሻይ እያፈላች ዓመት ከዓመት ሰምታዋለች። ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ ላቡን ጠርጎ ሳይጨርስ፣ ጋሽ ዋሴ ጀላቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ባሕር ዳር የሄድህ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ጫማህን እንዳታወልቅ» ይሉታል። አንዴ አንድ የጎጃም ልጅ የተወለደው ባሕር ዳር እንደሆነ፣ ያደገውም በባዶ እግሩ እንደሆነ ነገራቸው። ጋሽ ዋሴ በሐዘኔታ አዩት። «ያ ሐይቅ ነው፣ ልጄ» አሉት፣ ለቅሶ ቤት በሚሰማ ድምፅ።

አየሁሽ ሰልችቷታል። አንዳንዴ ዝም ቢሉ ብላ ማንኪያውን ብርጭቆው ላይ ታንኳኳለች። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

በደርግ ዘመን፣ ሰው ወደ ሱዳን እየሾለከ በሚያልቅበት በአንዱ ዓመት፣ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት አንድ የወሎ ሠራተኛ ማጭዱን ጥሎ ጠፋ። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው አየሁሽ ሻይ ቤት፣ ጋሽ ዋሴ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈረደ ጋሽ ዋሴን አስያዛቸው። ክሱ ሰው ማስኮብለል ነው። በእንዲህ ያለ ክስ ወደ ጎንደር የተላከ ሰው ሲመለስ ያየ የለም።

ምስክር ሆና የተጠራችው አየሁሽ ናት። የቀበሌው ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከቀትር በኋላ ውስጡ የተቀመጠ ሰው እንደ ሰም ይቀልጣል። የኮሚቴው አባላት በቆባቸው ያራግባሉ። ጋሽ ዋሴ ያለወትሯቸው ዝም ብለው ጥግ ላይ ቆመዋል፤ ያ ዝምታ አየሁሽን በሩ ላይ ከቆመው ጠባቂ ጠመንጃ ይበልጥ አስፈራት። ጓድ ፈረደ፣ ይህ ሰው ለሠራተኛው የሚነግረውን አንድም ሳታስቀር እንድትናገር አዘዛት። ብትዋሽ እሷም አትተርፍም። እውነቱን ልትናገር ቆረጠች።

«ጫማ አይወልቅም ይላሉ» አለች።

«ለምን?»

«ውሃው ሥር ጃርት የመሰለ ነገር አለ። እሾሁ እግር ውስጥ ይሰበራል።»

ከዚያ በኋላ ቃሉ በራሱ ጊዜ መጣላት። በማለዳ እንደሚኬድ፣ ያለዚያ አሸዋው እግር እንደሚጠብስ፤ የሚጠጣ ውሃ ከቤት እንደሚያዝ፣ ያ ሁሉ ውሃ ለጥም እንደማይሆን። ተዘሎ እንደማይገባ፤ እስከ ጉልበት ገብቶ ቆም፣ እስከ ወገብ ገብቶ ቆም እንደሚባል። ለማዕበል ጀርባ እንደማይሰጥ። ሁሉንም በቃሏ እንደያዘችው ያወቀችው ገና አሁን ነው።

«ከዚያ በጀርባህ ተንጋለል፣ ጆሮህን ውሃው ውስጥ አግባ ይላሉ። ምንም አትሥራ። ጨው ስለሆነ ይሸከምሃል። ከፍ ያደርግሃል፣ ዝቅ ያደርግሃል። የምትሰማው የራስህን ልብ ብቻ ነው። ቀዝቃዛው ከጀርባህ፣ ሙቁ ከፊትህ። ቀኑን ሙሉ ስታጭድ መዋልህን ወገብህ ይረሳዋል ይላሉ።»

ሲያራግቡ የነበሩት ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈዋል። ጓድ ፈረደ ዓይኑን ጨፍኗል፤ አንገቱ እንደመወዛወዝ ብሏል።

«ዋና የማይችል ሰውስ?» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ይህን አየሁሽም አታውቀውም። ወደ ጥጉ ዞረች።

«እስከ ደረቱ ከሆነ ችሎታ አያስፈልገውም፣ ጓድ» አሉ ጋሽ ዋሴ በትሕትና። «የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይቁም እንጂ።»

ጓድ ፈረደ ዓይኑን ገለጠና ጉሮሮውን ጠረገ። ድንበሩ በየት በኩል እንደሚታለፍ ተናግረው ያውቁ እንደሆነ ጠየቃት። አየሁሽ፣ ጋሽ ዋሴ ስለ መንገድ ተናግረው እንደማያውቁ፣ ሁልጊዜ ከጫማው እንደሚጀምሩ መሰከረች። ኮሚቴው ተንሾካሾከ። በመጨረሻ ጓድ ፈረደ፣ ባሕር በሌለበት ቀበሌ ስለ ባሕር ማውራትን የሚከለክል መመሪያ እንዳልደረሰው አስታወቀ። ከአሁን ወዲያ ግን ፖርት ሱዳን የሚባል እንዳይነሳ፤ ባሕር ካስፈለገ የራሳችን ምጽዋ አለ።

ወደ ሻይ ቤቱ ሲመለሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። አየሁሽ ምስጋና ጠብቃ ነበር። ጋሽ ዋሴ ግን ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ፣ «ደህና አድርገሽ ተናገርሽው» አሏት። «አንዱን ብቻ ለማንም አልነገርሁትም።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ብቻን እንደማይኬድ። እኔ ብቻዬን ነበርሁ። በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ‹እይማ› የምለው ሰው ፈልጌ ዞር ብል ማንም የለም። ይኸው ከዚያ ወዲህ ላገኘሁት ሁሉ እለፈልፋለሁ።»

ነፋስ መጣና የታጨደውን ሰሊጥ አንኮሻኮሸው። አየሁሽ ዓይኗን ጨፍና ጥቂት ሄደች። ምድር ከእግሯ ሥር ከፍ ዝቅ ያለች መሰላት።

«ምጽዋ ሩቅ ነው እንዴ፣ ጋሼ?» አለች።

ጋሽ ዋሴ ቆሙ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከአንድ እንቅልፋም ሊቀመንበር በቀር ስለ ባሕር ጠይቋቸው የሚያውቅ አልነበረም።

«እሱን እንጃ፣ አላየሁትም» አሉ። «ባሕሩ ግን ያው ነው።»

ከዚያም እስከ ሻይ ቤቱ ድረስ አየሁሽ ጠየቀች፣ እሳቸውም ቀስ እያሉ መለሱላት።